ፈተና ሲደርስ የምንውጠው መድኀኒት

(በተማሪዎች ኅብረት የምሽት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የተማሪዎች ኅብረት ይህን ንግግር እንድናሰማ በጠየቀን ጊዜ የተሰጠን ርእስ «የተማሪ ጤና» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ ስለ ምግብ አዳራሹ ሽሮ፥ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ውሃ፥ ስለ ትኋኑም መናገር ይቻል ነበር። ስለነዚህ ግን ሁላችንም በየማዕዱ እንናገራለን። ስለዚህ የምንናገረውን ትተን የማንናገረውን መረጥን። ይኸውም እኛ የሕክምና ተማሪዎች ፈተና በደረሰ ቍጥር ፍርሃታችንን ለማስታገሥ ማንም ሳያዝልን በገዛ እጃችን የምንወስደው መድኀኒት ነው።

በዚህ ንግግር «እኛ» የምንለው ለአነጋገር ማማር አይደለም። ከደቡብ ጎንደር መጥተን ባንድ መኝታ ክፍል የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ቀጥሎ የሚነገረውን ጥፋት ሁሉ ወይ አድርገነዋል፥ ወይ ሲደረግ አይተን ዝም ብለናል።

አስቀድመን ምን እንደምንወስድ እንናገር። ቡናውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኛም የምናወግዘው አይደለም። ከቡናው ቀጥሎ ጫት አለ። ጫት የሚያነቃው በውስጡ ባለው ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ካቲኖንም በጠባዩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። በጫት ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ ተማሪ ሲነጋጋ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሌላው ሰው ምርቃናውን በጨብሲ እንደሚሰብር፥ እርሱ ደግሞ በዲያዜፓም ይሰብራል። ዲያዜፓሙ ረፋዱ ላይ ዓይኑን ስለሚከድነው እንደ ገና ቡና ይጠጣል። እንዲህ አንዱ ሌላውን እየጠራ፥ ፈተናው ሳይደርስ የተማሪው ሰውነት ለሦስት ጌታ ያድራል። ደግሞም ለራስ ምታትና ለእንቅልፍ እየተባለ አሚትሪፕቲሊን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

የቃል ፈተና ሲሆን የሚፈለገው ግን ፕሮፕራኖሎል ነው። ይህ መድኀኒት የልብን ምት ያዘገያል፥ የእጅን መንቀጥቀጥ ያስታግሣል። እርሱንና መሰሎቹን ያስገኘው እስኮትላንዳዊው ሊቅ ጀምስ ብላክ በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆኗል። ባሕር ማዶ ያሉ የሙዚቃ ባለሙያዎች መድረክ ላይ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ እንደሚወስዱት የታወቀ ነው። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሎምፒክም አንድ የሰሜን ኮርያ ዒላማ ተኳሽ ይኸው መድኀኒት ስለ ተገኘበት ሁለት ሜዳሊያ ተነጥቋል። ለተኳሽ የተከለከለው የእጅ እርጋታ ለእኛ በመኝታ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

ከየት ይገኛል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ከዘመድ ማዘዣ የተረፈ አለ። ዋርድ ከሚሠራ ታላቅ ተማሪ የሚለመን አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ነጩ ጋውን ነው። ዲያዜፓምን የመሰለ አእምሮን የሚነካ መድኀኒት ያለ ልዩ ማዘዣ መሸጥ በአገራችን ክልክል መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ይሁን እንጂ ጋውኑን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፥ የመድኀኒቱን ስም በትክክል ጠርቶ፥ ሚሊግራሙን ጨምሮ የሚጠይቀውን ተማሪ «ማዘዣህ የታለ?» የሚለው ሻጭ አይበዛም። ዕውቀታችን ማዘዣ ሆነልን።

ይህ የእኛ ክፍል ወሬ ብቻ አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕክምና፥ በፋርማሲና በጤና ሳይንስ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሁለት ወር ውስጥ ታመን ነበር ካሉት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 38.5 የሚሆኑት ራሳቸውን በራሳቸው ያከሙ ነበሩ። ጥናቱ ስለ ማናቸውም ሕመም እንጂ ስለ ፈተና ፍርሃት ብቻ የተደረገ አይደለም። ነገር ግን ተማሪዎቹ በዋናነት የሰጡት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል፤ «ሕመሙ ቀላል ነው» እና «ከዚህ በፊት ዐውቀዋለሁ» የሚል ነው። እኛም ያን ሌሊት ያልነው ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

ያን ሌሊት ስንል የምንናገረው ስለ አንዱ ጓደኛችን ነው። በማግሥቱ የውስጥ ደዌ የቃል ፈተና ነበረን። በሽተኛውን መርምሮ ከሁለት መምህራን ፊት ቆሞ መመለስ ነው። ጓደኛችን ከሁላችን ይበልጥ ያነበበ ሲሆን፥ ከፈታኝ ፊት ሲቆም ግን ድምፁ ይጠፋል፤ ስቴቶስኮፑን ሲይዝ ጣቶቹ ይርበደበዳሉ። ከዚያ በፊት ባለው ፈተና ፈታኙ «እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?» ብለው ሲጠይቁት የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ ወጥቷል። ስለዚህ ያን ማታ እራት አልበላም። ከእኛ አንዱ ከመሳቢያው ፕሮፕራኖሎል አወጣ። «ነገ ጧት ሳይሆን አሁን ሞክረው፥ እንዴት እንደሚያደርግህ እንይ» ብለን መከርነው። እንደ ጥንቃቄ ቈጥረነው ነበር። እርሱም ዋጠው።

ከእኩለ ሌሊት በፊት ደረቱ ያፏጭ ጀመር። በአልጋው ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን በጕልበቱ ተደግፎ ይተነፍስ ነበር። በሕፃንነቱ አስም እንደ ነበረበትና ሰባተኛ ክፍል ከገባ ወዲህ እንደ ተወው ያን ጊዜ ነገረን። አልጠየቅነውም ነበር። ፕሮፕራኖሎል ልብን ብቻ ሳይሆን የሳንባን ቧንቧም እንደሚነካ፥ አስም ላለበት ሰው እንደማይሰጥ፥ ይባስ ብሎም አስሙን የሚያስታግሠውን ሳልቡታሞልን መግቢያ እንደሚያሳጣው እናውቅ ነበር። ባለፈው የፋርማኮሎጂ ፈተና ይህ ጥያቄ መጥቶ አራታችንም በትክክል መልሰነዋል።

ተሸክመን ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው። ተረኛዋ ሐኪም ኦክስጅንና ሳልቡታሞል ሰጠችው፤ እንደሚገባው አልተሻለውም። ወደ እኛ ዞር ብላ «ወንድሞቼ፥ የወሰደው ነገር አለ?» አለችን። ዝም አልን። እንደ ገና ጠየቀችን። አንዳችን «ብርድ መትቶት ይሆናል» አለ። ጓደኛችን መናገር አይችልም፤ ዓይኑን ግን ከእኛ ላይ አላነሣም። ጊዜውን በሰዓት የለካው የለም፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም ይሆናል። በመጨረሻ መድኀኒቱን የሰጠው ልጅ ወደ ጆሮዋ ቀርቦ ነገራት። ወዲያው ትልቁን ሐኪም ጠራች፤ ሕክምናው ተለወጠ፤ ሌላ መድኀኒት ተጨመረ። ጎሕ ሲቀድ ጓደኛችን ተኛ። ፈተናው አለፈው፤ በኋላ ለብቻው ተፈትኖ አልፏል።

ስለ መድኀኒቱ ከተናገርነው ይልቅ ስለዚያ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ልንናገር እንወዳለን። ክፋት አልነበረብንም። ጓደኛችንን እንወደዋለን። ታዲያ ምን ዝም አሰኘን? ተነጋግረንበታል፤ ያገኘነውም መልስ እነሆ። ተረኛዋ ነገ በዋርድ የምናገኛት ናት። እርሷ ለበላይዋ ትነግራለች፥ የበላይዋ ደግሞ ፈታኛችን ናቸው። መድኀኒት የሰጠው ልጅ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቆማል ብለን ሠጋን። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፥ ፈርቶ ነበር ብሎ መናገር አሳፈረን። አስም ነው ማለት ያስከብራል፤ ፈራ ማለት ግን ለሐኪም አይሆንም ብለን እናምን ነበር።

ከእኛ መካከል ሁለቱ በልጅነታቸው ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ያውቃሉ። በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለውን ይህን ፍል ውሃ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ወገቡን የያዘው፥ ቍርጥማት ያስቸገረው፥ ቈዳውን ያሳከከው ሁሉ ስንቁን ይዞ ይሰነብትበታል። እዚያ ሰው ከውሃው ሳይወጣ ሕመሙን ይናገራል። «እማማ፥ ምንዎን ነው ያመመዎ?» ይባላል፤ እርሳቸውም ከጕልበታቸው ጀምረው እስከ ልጃቸው ሐዘን ድረስ ይዘረዝራሉ፤ አጠገባቸው ያለውም «የእኔም እንዲሁ ነው» ይላል። ውሃው ምን ያህል እንደሚያድን ዛሬ አንከራከርም። ነገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ «ምንዎን አመመዎ?» ብለን መጠየቅን የምንማር ልጆች እርስ በርሳችን አንጠያየቅም።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ ከ896,520 ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። እኛ ከነዚያ መካከል ነን። ከብዙ መንደር አንድ ልጅ ብቻ ስላለፈ ያ ልጅ የመንደሩ ሁሉ ልጅ ሆነ። ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ትምህርት ቤት ዘጋ፤ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት መንገዱንም ትምህርቱንም ሲያቋርጥ ቈይቷል። ስልክ ሲሠራ እናት «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ትላለች። አንድ ዓመት መድገም በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ነው፤ በቤት ግን የአንድ በሬ ዋጋ፥ የታናሽ እኅት ትምህርት ነው። እንግዲህ ልባችን ቢመታ ምን ይደንቃል?

ደግሞም ፍርሃት ሁሉ ጠላት አይደለም። ይርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1908 እ.ኤ.አ. አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እያስደነገጡ ትምህርት አስተማሯቸው። ትምህርቱ ከባድ ሲሆን ጥቂት የደነገጠችው ከማትደነግጠውም አብዝታ ከምትደነግጠውም ይልቅ ቶሎ ተማረች። (ፈተናችንን ያዩ መምህራን ንዝረቱን ወዴት እንዳደረሱት ያስቡበት።) ስለዚህ የልብ ምት ጥቂት መፍጠኑ ሕመም አይደለም። ድምፅ የሚያጠፋው፥ እንቅልፍና እህል የሚከለክለው ፍርሃት ግን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው፤ ሕክምናም አለው። ሐኪሙ ግን ራሱ በሽተኛው መሆን የለበትም።

ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎችም ይህ ፈተና ነበረባቸው። አገራችን የትምህርት አገር ነው። ድጓን ማስመስከር የሚፈልግ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አባ፥ አቋቋም የሚፈልግ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ይመጣል። እነዚያ የቆሎ ተማሪዎች ያን ሁሉ በቃላቸው መያዝ ነበረባቸው። ቀለም አልገባ ያለው ተማሪ አብሾ ይጠጣ እንደ ነበር ሁላችንም እየሰማን አድገናል። አቀማመሙ ከዐዋቂ ወደ ዐዋቂ በምስጢር የሚተላለፍ ነው። ሕዝቡ ግን ዋጋውን አልደበቀም። በጠላ ቤት ሁለት ጣሳ ጠጥቶ ያበደውን ሰው «አብሾ አለበት» ይለዋል። አእምሮ ያገኘ መስሎት አእምሮውን ያስያዘ ማለት ነው። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር፥ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፥ እርሱም አእምሮን የሚነካ ዕፅ ነው። ስሙ እንደሚያስረዳው ያስለፈልፋል። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ። ስኮፖላሚን ደግሞ ተመራማሪዎች የመርሳትን ነገር ለማጥናት ሲፈልጉ ሆን ብለው የሚሰጡት መድኀኒት ነው።

የእኛ ዘመን ዕፅ ከዚህ ይለያል ወይ? ዲያዜፓም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም የተሸጠ፥ የሚጥል በሽታን ለማቆም እጅግ የሚጠቅም መድኀኒት ነው። ነገር ግን ከተወሰደ በኋላ የተነበበው ነገር በአእምሮ እንዳይታተም ያደርጋል። በማታ የተዋጠው ከነተረፉ በሰውነት ውስጥ ብዙ ቀን ይሰነብታል፤ ሰኞ ለመተኛት የወሰደ ተማሪ ረቡዕ ፈተና ላይ ከርሱ ጋር ይቀመጣል። ለረጅም ጊዜ የለመደ ሰውም ባንድ ጊዜ ቢያቋርጠው ፍርሃቱ በርትቶ ይመለሳል፤ አንዳንዱንም እስከ መጣል ያደርሰዋል። አሚትሪፕቲሊን ያደነዝዛል፥ አፍ ያደርቃል፤ ከመጠን ካለፈ የልብን ሥርዐት አዛብቶ ይገድላል። ሌሊቱን በጫት የተረታ እንቅልፍም ቢሆን ቀን የተማርነውን አእምሮ የሚያጸናበት ሰዓት ነበር። ፈተናው የሚጠይቀን ማስታወስን ነው፤ እኛም ማስታወሻችንን ሸጠን እርጋታ እንገዛለን።

የቆሎ ተማሪው ከአብሾው ሌላ ዘዴ ነበረው፤ ከርሱ የምንቀዳውም ይህን ነው። ቀለሙን ለብቻው ተደብቆ አያጠናም ነበር። በጨለማ ድምፁን አውጥቶ ይቀጽላል፤ ታላቁ ተማሪ ያርመዋል፤ ነገ የኔታ ፊት ሲቆም አፉ አስቀድሞ ለምዶታል። እኛ ግን ስድስት ወር በዝምታ አንብበን በአንድ ጧት በአፋችን እንድንመልስ እንጠየቃለን። ስለዚህ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በመኝታ ክፍላችን ማክሰኞና ሐሙስ ከእራት በኋላ አንዱ በሽተኛ፥ አንዱ ተፈታኝ፥ ሁለቱ ፈታኝ እየሆንን እንቀጽላለን። መጀመሪያ ሣቅ አሸነፈን። ኋላ ግን ታላላቅ ተማሪዎች እየመጡ ይጠይቁን ጀመር፤ አንዱማ ከእውነተኛው ፈታኝ ይልቅ ያስፈራል። አሁንም ከፈታኝ ፊት ስንቆም ልባችን ይመታል። የጓደኛችን ጣትም ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ግን አይጠፋም።

ይህ በእጃችን ያለ ነው። በእጃችን የሌለውን ደግሞ ከኅብረቱና ከመምህራኖቻችን እንጠይቃለን። ተማሪውን የሚያየው ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ባለሙያ ማርክ የማይሰጠው ሰው ይሁን፤ የተማሪው ካርድም ወደ ክፍል ኀላፊው ጠረጴዛ አይሂድ። ከዚህ የምናስቀድመው ሌላ ልመና አለ። የታመመ ጓደኛውን ወደ ድንገተኛ ክፍል አምጥቶ የወሰደውን መድኀኒት በእውነት የሚናገር ተማሪ፥ መድኀኒቱን የሰጠው ራሱ ቢሆን እንኳ፥ ስለዚያ ቃሉ አይከሰስ። ይህ በጽሑፍ ወጥቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መድኀኒት አዘዋዋሪ ይደበቅ ማለታችን አይደለም፤ ሻጩን ሌላ ቀን በሌላ መንገድ ይያዙት። በዚያች ሰዓት ግን ተረኛዋ የምትፈልገው እውነቱን ብቻ ነው። «ይህ ልቅነትን ያመጣል» የሚሉ መምህራን እንዳሉ እናውቃለን። እኛ የምንመልሰው ያየነውን ነው፤ ቅጣቱን መፍራታችን መድኀኒቱን ከመዋጥ አላገደንም፥ ከመናገር ግን አግዶናል።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ አንድ መምህራችንን ለማማከር ሄደን ነበር። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው፥ እርሳቸውም የመጨረሻውን የቃል ፈተና የተፈተኑ ቀን ውጭ ወጥተው እንዳስመለሳቸውና ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም እንዳልተናገሩ ነገሩን። ስማቸውን እንዳንጠራ አላዘዙንም፤ እኛ ግን አንጠራም። ዛሬ እዚህ ካሉ ራሳቸው ይነሡ ይሆናል።

ጓደኛችንም ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አይቶታል። ሁለት ቃል አርሞልናል፤ «ያፏጭ ጀመር» የሚለውን ግን ተወው፥ እውነት ነው አለን። መሳቢያችን ውስጥ የቀረውን መድኀኒት ለግቢው መድኀኒት ቤት አስረክበናል፤ ፋርማሲስቱ ቈጥረው ተቀበሉን፥ ምንም አልጠየቁንም። አሁን ጥያቄ ያለው ወይም የሚቃወመን ካለ እንሰማለን።